በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይኖርበታል

ቤት ፈላጊ ከደላላ ጋር ደረጃውን ወጥቶ በሩ ሲከፈትለት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሳሎኑ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሴራሚኩ፣ ከዚያ የማዕድ ቤቱ ቁም ሣጥን። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። በአያት፣ በሰሚት፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ ወይም በኮዬ ፈጬ ከባለ ዕጣ ላይ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው መንገዱንና ብሎኩን ከሳሎኑ አስቀድሞ ይመልከት፤ የሻጩን ፋይል ሳያጣራ ደግሞ አንድ ብር እንኳ አያውጣ። ሴራሚክ በሠራተኛ ይቀየራል። አራተኛ ፎቅ የማይደርስ ውሃና ሚስት ያልፈረመችበት ውል ግን በሠራተኛ አይቀየሩም።

1. የቤቱን ዓይነት ይለዩ

ከተማው በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ሦስት መልክ አለው። 10/90 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የታሰበ ስቱዲዮ ነው። 20/80 ባለ ዕጣው ከዋጋው 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልበት ሲሆን፣ በብዛት ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። 40/60 ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው የተሠራ፣ ፎቁም የሚበዛ፣ ሊፍት የሚጠይቅ ነው። 40/60 የሚያዩ ከሆነ «ሊፍቱ ይሠራል?» ብለው አይጠይቁ፤ በዚያች ቀን ሊሠራ ይችላልና። ባለፈው ሲበላሽ ማን ከፍሎ እንዳሠራው ይጠይቁ። መልሱ ስለ ሊፍቱም ስለ ጎረቤቶቹም ይነግርዎታል።

2. መንገዱን በሥራ ቀን ይሂዱበት

ደላላ ቤት ማሳየት የሚወደው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። መንገዱ ባዶ ስለሆነ ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ የተነሣ መኪና በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ገዢም «ለካ ቅርብ ነው» ይላል። እርስዎ ሰኞ ጠዋት 12:30 ላይ ከሳይቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይቁሙ። ሰልፉ የት እንደሚጀምር፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሲያልፍ ሰዉ ምን እንደሚያደርግ፣ ሥራ ቦታዎ ስንት ሰዓት እንደደረሱ ይያዙ። ማታም በ11:30 ይመለሱ። የመልሱ ጉዞ ከመሄጃው የከፋ መሆኑን ብዙዎች የሚያውቁት ከገዙ በኋላ ነው።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመሳፈሪያ ብዛት ይቁጠሩ። አንድ ጊዜ ተሳፍሮ ሥራ የሚደርስ ሰው ሩቅ ቢኖርም ይኖራል፤ ሦስት ጊዜ የሚሳፈር ግን በየሰልፉ ላይ ዕድሜውን ይጨርሳል። አያትን ያየ ሰው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚያደርሰውን ቀላል ባቡር ከሒሳቡ ያስገባ፤ ሆኖም በባቡሩ ብቻ እንዳይተማመን በጠዋት ሄዶ ጥበቃውንና መጨናነቁን ይመልከት። ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ አጠገብ በመሆኑ አቃቂ፣ ቂሊንጦ ወይም ዱከም ለሚሠራ ሰው ይመቻል፤ ፒያሳ ለሚሠራ ግን አይመከርም። ልጆች ካሉ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ከወላጅ ሥራ ይቀድማል። ልጁን ከድሮው ትምህርት ቤት ላለማስወጣት ተብሎ በየወሩ ለሰርቪስ የሚወጣው ገንዘብ በቤቱ ዋጋ ላይ የሚደመር ነው።

3. ቢቻል መጀመሪያ በዚያው ሳይት ይከራዩ

ይህን ምክር ደላላ አይወደውም፣ ሻጭም አይወደውም። ለገዢ ግን ከዚህ የሚሻል ምርመራ የለም። ክረምቱ የጣሪያውንና የፍሳሹን ጉድ ያወጣል፤ በጋው የውሃውን። ሁለቱንም ያየ ተከራይ የትኛው ብሎክ እንደሚሻል ከማንም ሳይጠይቅ ያውቃል፤ የሚሸጥ ቤት ወሬም ደላላ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ይደርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና ስለሚጠይቅ፣ ቀድመው መውጣት ቢፈልጉ ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጡበት ጊዜ ከአከራዩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

4. ብሎኩን ይመርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ኮንዶሚኒየም ሲገዙ አራት ግድግዳ ብቻ አይገዙም፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የደረጃው፣ የጣሪያው፣ የግቢው፣ የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ባለቤት ይሆናሉ። ሲበላሹም የጋራ ከፋይ ይሆናሉ።

በውሃው ይጀምሩ። በዳርቻ ሳይቶች ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የፈረቃውን ቀን ጠይቀው በዚያች ሌሊት ማግስት ማለዳ ይሂዱና ከላይኛው ፎቅ አንድ ቧንቧ ያስከፍቱ። የሻጩን መልስ ከመስማት ይልቅ ደረጃውን ይመልከቱ፦ በየበሩ ሥር የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ክዳናቸው አዲስ፣ እጀታቸው በእጅ ብዛት የጠቆረ ከሆነ ውሃ በየቀኑ ይቀዳል ማለት ነው፤ አቧራ ለብሰው ጥግ ከተረሱ ግን ብሎኩ ደህና ነው። ምድር ላይ የጋራ ታንከርና ፓምፕ እንዳለ፣ የፓምፑን መብራት ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። አንዳንድ ነዋሪ ሮቶውን ቤቱ ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ ያቆማል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ከራስዎ በላይ ባለው ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ ቶን ቆሞ እንደሆነ ቀና ብሎ ማየት ይገባል።

ቀጥሎ ወደ ምድር ይውረዱ። የፍሳሽ ጉድጓዶቹ ክዳን በቦታው አለ? ዙሪያው ደረቅ ነው ወይስ አረንጓዴ ሣር ያለ ወቅቱ በቅሎበታል? ያ ሣር ክፉ ምልክት ነው። ምድር ቤት የሚገዙ ከሆነ ይህ ነገር በጓሮዎ የሚፈስ የራስዎ ጉዳይ ይሆናል።

ምድር ቤት ካነሣን፣ ሻጭ «ግቢ አለው» ብሎ ዋጋ ሲጨምር ይጠንቀቁ። አጥሩን አጥሮ፣ ጽጌረዳ ተክሎ፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ ቤት ቀጥሎበት ሊያሳይዎ ይችላል። መሬቱ የብሎኩ ሁሉ ነው፤ ካርታው ላይ የለም፤ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቀን ያፈርሰዋል። በሌለ ግቢ ገንዘብ አይክፈሉ።

የጋራ መገልገያ ሕንፃውንም ይጎብኙ። ሲሠራ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለለቅሶና ለድግስ መሰብሰቢያ ታስቦ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ብሎኮች ለዚሁ ያገለግላል፤ በሌሎቹ ደግሞ መጋዘን ወይም መጠጥ ቤት ሆኖ ተከራይቷል። ከተከራየ ኪራዩ የት እንደሚገባ ይጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ይወስድዎታል።

የባለቤቶች ማኅበሩን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይም ገንዘብ ያዥ ሳያነጋግሩ ቀብድ አይስጡ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ወርሃዊ መዋጮው ስንት ነው፣ ገንዘቡ በማን ስም በየትኛው ባንክ ይቀመጣል፣ እርስዎ የሚገዙት ቤት ውዝፍ አለበት ወይ። ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ለጥበቃው ደመወዝ በወቅቱ የሚከፍል ኮሚቴ ያለበት ብሎክ ግድግዳው ቀለም ቢለቅቅም ይገዛል። ባለቤቶቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ኖረው ቤቱን ያከራዩበት ብሎክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስብሰባ የሚሞላለት አይደለም፤ ተከራይ ለጣሪያ እድሳት መዋጮ እንዲያወጣ አይጠበቅበትም፤ አከራዩ ስልክ አያነሣም። እውነቱን ግን ከኮሚቴው በላይ የሚያውቁት ሌሊት የሚያድረው ጥበቃና በር ላይ ጉሊት የዘረጋችው ሴት ናቸው። ሽንኩርት እየገዙ ይጠይቋት፤ ውሃ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ የትኛው ፎቅ እንደሚጣላ፣ ማን ሊሸጥ እንደሆነ ከነምክንያቱ ትነግርዎታለች።

5. ከዚያ ወደ ውስጥ ይግቡ

ቤቱ ውስጥ በቅድሚያ ቀና ይበሉ። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ካለ የላይኛው ጎረቤት ያፈስሳል ማለት ነው፤ ጣሪያው ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ግድግዳው ያረጀ ከሆነ የበለጠ ይጠርጥሩ። መጨረሻው ፎቅ ከሆነ ቆርቆሮው ከበላይዎ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ጊዜ ሳያዩ አይወስኑ።

ግድግዳዎቹን በጣት አንኳኩ። ድምፁ ባዶ የሚሰማው አግሮስቶን በሚባል ቀላል ሰሌዳ የተከፈለ ክፍል ነው፤ ቁም ሣጥን ሊሰቀልበት አይችልም፣ የጎረቤት ወሬም ያሳልፋል። ሻጩ ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ አፍርሶ ከሆነ የፈረሰው ክፍልፋይ ብቻ መሆኑን፣ ምሰሶና ቢም አለመነካታቸውን የግንባታ ባለሙያ ያሳዩ። ለአንድ ቀን የሚከፈለው ገንዘብ አያሳዝንም።

የመብራት ቆጣሪው የራሱ መሆኑን ያረጋግጡ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ቆጣሪው መቁጠሩን ካላቆመ ሌላ ሰው ከመስመርዎ ወስዷል። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰኩና አንድ እንጀራ የሚጋገርበትን ያህል ይቆዩ። ገመዱ ቢሞቅ፣ መብራቱ ቢደበዝዝ ወይም ማብሪያው ቢወርድ የመስመር ሥራ ይጠብቅዎታል። ይህን ምርመራ ቅዳሜ ከሰዓት ማድረግ ይሻላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ነውና።

6. ፋይሉን ያጣሩ

የገንዘብዎ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ሻጩ ካርታውን፣ ከከተማው የቤቶች መሥሪያ ቤት ጋር የተዋዋለበትን ውልና የባንክ ዕዳ መግለጫውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ቅጂውን ይዘው ክፍለ ከተማው ዘንድ በመሄድ ከዋናው ፋይል ጋር ያስተያዩ፤ የሚሄደው ሻጩ ራሱ ከእርስዎ ጋር ነው እንጂ ደላላው ብቻውን አይደለም። የብሎኩ ቁጥር፣ ፎቁ፣ የቤቱ ቁጥርና ስፋቱ በበሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ተከራይ ባለቤት መስሎ ቤት ያሳየበት፣ የጎረቤት ቤት የተሸጠበት ጊዜ አለና «የማውቀው ሰው ነው» የሚባለው ምስክርነት ፋይሉን አይተካም።

ከዚያ አራት ነገሮችን ለየብቻ ያጣሩ።

አንደኛ፣ የአምስት ዓመቱ ገደብ። በዕጣ የተገኘ የ20/80 ቤት ለአምስት ዓመት በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ እንዳይተላለፍ ተከልክሏል። ገደቡ መቼ እንደሚያበቃ ቀኑን ከፋይሉ ላይ ያስነብቡ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የወጡትን የ20/80 ዕጣዎችና በ2015 ዓ.ም. ዳግም የወጡትን (የ2014ቱ ዕጣ በመረጃ መነካካት ምክንያት የተሰረዘ ነበር) ያላጣራ ገዢ ገደቡ ሳያልቅ ሊዋዋል ይችላል።

ገደቡ ሳያልቅ መሸጥ የሚፈልጉ ሰዎች መላ አላቸው፤ መላውን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደላላ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው» ብሎ ያቀርብልዎታልና። ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፤ የቤቱ ዋጋ «ብድር» ተብሎ በብድር ውል ይጻፋል፤ ከዚያም ቤቱ ለገዢው እንዲሆን ኑዛዜ ይጻፋል። ሦስቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ሲታዩ ጠንካራ ይመስላሉ። አንድ በአንድ ሲፈቱ ግን ይህን ይመስላሉ፦ ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ቢሞትም ውክልናው አብሮ ያበቃል። ኑዛዜም ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ይሻራል፤ ከሞተም በኋላ ወራሾቹ ይከራከሩበታል። የብድር ውሉ ደግሞ በመልካም ቀን ቢሆን ገንዘብዎን ይመልስልዎታል እንጂ ቤቱን አይሰጥዎትም፤ ገንዘቡም ከዓመታት በኋላ የሚመለሰው በተጻፈው ቁጥር ነው፤ ቤቱ በዚያን ጊዜ ስንት እጥፍ እንደሆነ ሕጉ አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት በዚህ መንገድ ከመግዛት ገደቡ ያለቀበትን፣ ትንሽ ራቅ ያለውን ቤት መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ትዳር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ይሁን እንጂ ውሉ ከተፈረመ ከሁለት ዓመት ሳያልፍ፣ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ያምጣ፤ የተፋታ ከሆነ የፍርድ ቤቱን የንብረት ክፍፍል ውሳኔ። ወራሾች ከሆኑ የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ የተጠቀሱት ሁሉ ይፈርማሉ፤ ውጭ አገር ያለውም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ዕዳና እገዳ። የባንኩ ብድር ቀሪ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያምጡ። ከባንኩ ሌላ የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ከክፍለ ከተማው በቅርብ ቀን የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ወረቀት ትናንት የገባን እገዳ አያሳይም።

አራተኛ፣ አስተዳደሩ። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የተወሰነው ወሰን፣ ቀጥሎም የሸገር ከተማ መመሥረት፣ በዳርቻ ባሉ አንዳንድ ሳይቶች ላይ የሚመለከተውን ቢሮ ቀይሯል። በምሥራቅ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ የወሰዳቸው አካባቢዎች አሉ። «ፋይሉ ዛሬ የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በመልስ ሳይሆን ፋይሉን በዓይን በማየት ይዝጉ።

7. ቀብድ

ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ በባንክ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ሻጭ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ ይህን መርሳት ስለሚወድ ወረቀቱ ላይ ይጻፉት። ዕዳ፣ እገዳ ወይም የትዳር ጓደኛ ተቃውሞ ከተገኘ ቀብዱ ያለ ቅጣት እንደሚመለስም ያክሉ። ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪን ማን እንደሚከፍል የሚወሰነው እዚህ ነው፤ በኋላ ላይ ጠብ ያመጣል። የደላላውን ኮሚሽንም ከሁለቱም ወገን ስንት እንደሚወስድ በዚሁ ቀን ይቁረጡ።

በባንክ ብድር የሚገዙ ከሆነ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ባንክዎን ያማክሩ። የባንኩ መሐንዲስ የሚገምተው ዋጋ ከገበያው ሊያንስ ስለሚችል ልዩነቱን ከኪስዎ ይሞላሉ። ሻጩም ይህን የሚጠብቅ ሰው መሆን አለበት።

8. ውልና ማስረጃ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ፊት ካልተፈረመ ለክርክር የተዘጋጀ ወረቀት ነው። በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክርና በደላላ ማኅተም አይርኩ።

መታወቂያ (ፋይዳውንም ጨምሮ)፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ ካርታው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን የክሊራንስ ደብዳቤ ይዘው ይቅረቡ። ገንዘቡን በሲፒኦ (ባንኩ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ያዘጋጁ። ዋጋው ሙሉ በሙሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ግብር ለመቀነስ ግማሹን ብቻ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ የተጻፈው ነው፤ ግምቱንም ቢሮው በራሱ ተመን ስለሚያወጣ ብዙ ጊዜ የታሰበው ትርፍ እንኳ አይገኝም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ ይዞ ቤት መግዛት ይችላል። ስለዚህ «ለጊዜው በወንድሜ ስም ይሁን» የሚለው አሠራር በአብዛኛው አላስፈላጊ ነው። ለወንድምዎ ውክልና ይስጡ፤ ውክልናው ላይ ግን ቤቱ በእርስዎ ስም እንደሚገዛና እንደሚመዘገብ፣ መሸጥ ወይም ማስያዝ እንደማይፈቀድ በግልጽ ይጻፍ። በኤምባሲ የተፈረመው ውክልና አገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ቤቱ በወንድም ስም ሆኖ እሱ ቢሞት ልጆቹ በውርስ፣ ሚስቱም በጋራ ንብረት ድርሻዋ ይጠይቁታል፤ እርስዎ ከእነሱ ጋር መከራከር ይጀምራሉ።

9. ስም ማዛወር

ውል ተፈረመ ማለት ቤቱ የእርስዎ ሆነ ማለት አይደለም፤ ባለቤትነት የሚተላለፈው ስሙ በመዝገብ ሲዛወር ነው። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ በተለምዶ አሹራ የሚባለው የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ ሻጩን የሚመለከት ግብር ካለ እሱም ይከፈላል። የሻጩ ካርታ ተመልሶ በስምዎ አዲስ ካርታ እስኪወጣ ድረስ የዋጋውን ጥቂት ክፍል በሲፒኦ እንደያዙ ለመቆየት በውሉ መስማማት ይቻላል። ሻጩ «አምኜሃለሁ፣ አንተም እመነኝ» ካለ ውሉ ላይ ማመኑን እንዲጽፍ ይጠይቁት።

10. ከገቡ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን የበሩን ቁልፍ ይቀይሩ፤ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በዚያው ሳምንት የውሃና የመብራት ውሉን ወደ ስምዎ ያዛውሩ። ለኮሚቴው በስምዎ ይመዝገቡና በመጀመሪያው ስብሰባ ይገኙ። ዕድር ከሳይቱ ጋር አብሮ አያድርም፤ ራስዎ ሄደው ይመዝገቡ፤ መግቢያውንና አዲስ አባል ከስንት ወር በኋላ እርዳታ እንደሚያገኝ ይጠይቁ። የድሮ ሰፈርዎን ዕድር ወዲያው አይልቀቁ፤ ለለቅሶ የሚመጣው ሰው እስኪቀየር ጊዜ ይፈልጋል።

ከጎረቤት ጋር የሚያጋጩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ተደጋጋሚ ግን ናቸው። የቡና አተላና የእህል ጥራጊ ወደ ማጠቢያው አይደፋ፤ ቱቦው የሁሉ ስለሆነ የሚገነፍለው ከምድር ቤቱ ሰው ዘንድ ነው። የበዓል በግ በደረጃ ላይ አይታረድ፤ ለዚህ የተሠራ ቦታ ካለ በዚያው፤ ከሌለ ኮሚቴው ቦታ ይመድብ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ወንበር ሲጎተት ከታች ነጎድጓድ ነው፤ እግሩ ላይ ጎማ ያድርጉለት። ሙዚቃም ጸሎትም በድምፅ ማጉያ ሲሆን እኩል ያስነሣሉ።

ከላይ ውሃ ወርዶ ጣሪያዎን ቢያበላሽ በቁጣ አይውጡ። መጀመሪያ ፎቶ ያንሱ፤ ቀጥሎ ጎረቤትዎን ጠርተው አብረው ይዩ፤ ከዚያ ከኮሚቴ አንድ ሰው ባለበት ቧንቧ ሠራተኛ ምንጩን ይፈልግ። ምንጩ በላይኛው ቤት ውስጥ ያለ ቧንቧ ወይም ሽንት ቤት ከሆነ ወጪው የባለቤቱ ነው፤ ተከራይ ከሆነ የሚኖረው፣ አከራዩን በስልክ አግኝተው በጽሑፍ መልእክት ያሳውቁ፤ መልእክቱንም አያጥፉ። ምንጩ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጋራ መስመር ከሆነ ግን ወጪው የብሎኩ ነው፤ ኮሚቴው ከመዋጮው ከፍሎ ያሠራል፤ ገንዘቡ ካልበቃ በፎቁ ልክ ሳይሆን እያንዳንዱ ቤት በጋራው ላይ ባለው ድርሻ ይካፈላል። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ የላይኛው ጎረቤት ውሃውን ለግማሽ ሰዓት ያፍስስ፤ እርስዎ ከታች ቆመው ይመልከቱ፤ ጣሪያው ደርቆ ካላዩ ቀለም አይቀቡ።